ያገለገለ ፎር ዊል መኪና ስትገዙ የሞዴሉን ዓመት እንዴት ትመርጣላችሁ?

ከጥቂት ዓመታት በፊት ፕራዶ ልገዛ ብዬ ቀብድ ከፈልኩ። ሜክሲኮ አካባቢ አንድ ካፌ ቁጭ ብለን ደላላው ስልኩ ላይ ፎቶ እያሳየኝ «2007 ሞዴል ናት» አለኝ። መኪናዋ ታምራለች። ቀለሟ ያበራል፣ ወንበሯ አልተቀደደም። ዋጋውም ለ2007 ጥሩ መሰለኝ። ሊብሬውን በእጄ የያዝኩት ከሦስት ቀን በኋላ ነው። የተሠራችበት ዘመን 2003 ይላል። ለካ 2007 አገር የገባችበት ዓመት ነው። ውሉን አልፈረምኩም፤ ቀብዴ ግን እዚያው ቀረ።

ቀብዱ ይቆጨኛል። ከሱ በላይ የቆጨኝ ግን ነገሩን ለአንድ የቆየ ሜካኒክ ስነግረው የጠየቀኝ ነው። «ሞተሯ ምንድን ነው? ኖዝሏስ ተነክቷል?» አለኝ። ኖዝል ነዳጁን ሞተሩ ውስጥ የሚረጨው ዕቃ ነው። መልስ አልነበረኝም። የማውቀው ዓመቱን ብቻ ነበር፤ እሱንም በስህተት።

ከዚያ ወዲህ ለራሴም፣ ለወንድሜም፣ ለመሥሪያ ቤት ጓደኞቼም ብዙ መኪና አይቻለሁ። የተማርኩትን በቅደም ተከተል ላስቀምጥላችሁ። ነገሩ አሁን ከድሮው የበለጠ ያስፈልጋል። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ አሮጌ መኪና ማስገባትን አከበደው። በጥር 2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የግል መኪኖች ከእንግዲህ እንዳይገቡ መንግሥት አስታወቀ። ስለዚህ የምንመርጠው በአብዛኛው ቀድሞ ከገባው ውስጥ ነው። መኪናው ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል፤ በዞረ ቁጥር ታሪኩ ይጠፋል።

ከዚህ በታች የመኪና ዓመት ስጠራ በፈረንጆች ነው። የኛን ስጠራ «ዓ.ም.» እላለሁ።

1. መጀመሪያ መኪናው የት እንደሚውል ወስኑ

ከካዛንቺስ ለገሃር ለሚመላለስና በዓመት ሁለቴ ደብረ ብርሃን ለሚሄድ ሰው ከባድ ላንድክሩዘር አያስፈልገውም። የገጠር ፕሮጀክት ላለው፣ ክረምት ላይ ጭቃ ለሚገባ ሰው ግን ራቭ ፎር አይበቃውም። መለያው አንድ ነው፤ ከባድ ማርሽ፣ ማለትም ሎው አለው ወይስ የለውም? ላንድክሩዘር፣ ፕራዶ፣ ፎር ዊል ሃይሉክስ፣ ፓትሮልና ጂምኒ አላቸው። ከ2005 ጀምሮ የተሠራው ግራንድ ቪታራም በብዙዎቹ ላይ አለው። ራቭ ፎር የለውም። ቁመቱና ጎማው አያታላችሁ።

2. ሦስቱን ዓመቶች ለዩ

አንድ መኪና ሦስት ዓመት አለው። የተሠራበት ዓመት፣ የሞዴሉ ዓመትና አገር የገባበት ዓመት። ሻጭ ከሦስቱ የሚጠራላችሁ ትልቁን ነው።

ፋብሪካዎች የመጪውን ዓመት ሞዴል ዓመቱ ሳይገባ መሥራት ይጀምራሉ። በ2011 መጨረሻ የተሠራ መኪና 2012 ሞዴል ሊባል ይችላል፤ ይህ ማጭበርበር አይደለም። አገር የገባበት ዓመት ግን ስለ መኪናው ምንም አይነግራችሁም። አምስት ዓመት ውጭ ከተነዳ በኋላ ሊገባ ይችላል።

በኛ አገር ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ፤ የዘመን አቆጣጠሩ። «2005 የገባች ናት» ሲባል በኛ ከሆነ በፈረንጆች 2012 ወይም 2013 ነው። «2005 ሞዴል» ከሆነ ግን በፈረንጆች ነው። በስልክ ስታወሩ ሁለቱ ይቀላቀላሉ። ምንም ሳታፍሩ «በኛ ነው በፈረንጅ?» ብላችሁ ጠይቁ። ከዚያ «የተሠራችበትን ነው የምጠይቀው» በሉ። እኔ ይህን አንድ ጥያቄ ጠይቄ ቢሆን ኖሮ ቀብዴ ኪሴ ውስጥ ነበር።

3. የመታጠፊያውን ዓመት እወቁ

ዋናው ነገር እዚህ ጋ ነው። መኪና በየዓመቱ እኩል አይለወጥም። ለሰባት ዓመት ያንኑ ይሠሩና በአንድ ዓመት ሞተሩን፣ አካሉን ወይም ሞላውን ይቀይራሉ። ይህን እኔ የመታጠፊያ ዓመት እለዋለሁ። በሁለት መታጠፊያ መካከል ያሉ መኪኖች ወንድማማቾች ናቸው። የ2010 እና የ2012 ልዩነት ከቁጥር ላያልፍ ይችላል። መታጠፊያው ላይ ግን የአንድ ወር ልዩነት ሌላ መኪና ያመጣል።

እኔ የምከተለው እንዲህ ነው። አዲስ ቅርጽ ወይም አዲስ ሞተር በጀመረበት በመጀመሪያው ዓመት የተሠራውን አልወድም፤ ፋብሪካው ራሱ ገና እየተማረ ነው። ከመታጠፊያው በፊት ያሉትን የመጨረሻ ሁለት ሦስት ዓመታት እወዳለሁ። ጉድለቱ ተስተካክሏል፣ መለዋወጫው በዝቷል፣ ሜካኒኩም ለምዶታል። አዲሱ ቅርጽ ስለወጣ ደግሞ ዋጋው ትንሽ ይቀንሳል።

አሁን ከተማችን ውስጥ በብዛት ወደምናያቸው እንሂድ።

*ፕራዶ።* 90 የሚባለው ከ1996 እስከ 2002፣ 120 ከ2002 እስከ 2009፣ 150 ከ2009 እስከ 2023 ነው። ስለዚህ «2009 ፕራዶ» ሁለት የተለያየ መኪና ሊሆን ይችላል። ዓመቱ የመጀመሪያ ወራት ላይ የተሠራው 120 ነው፤ መጨረሻ ላይ የተሠራው 150። በ120 ዋጋ 150 ማግኘት ከባድ ነው፤ በ150 ዋጋ 120 መግዛት ግን ቀላል ነው።

የፕራዶ ነፍስ ያለው ሞተሩ ላይ ነው። 90 ላይ የነበረው የመጀመሪያው 3.0 ቱርቦ ናፍታ፣ 1ኬዜድ የሚባለው፣ ሲግል ቴስታታው፣ ማለትም የሞተሩ የላይኛው ክፍል፣ ይሰነጠቃል። በሱ ምትክ የመጣው 1ኬዲ የበለጠ ጉልበት አለው፤ ነዳጁም ቆጣቢ ነው። የሱ ሕመም ደግሞ ኖዝል ሥር ነው። በተለይ እስከ 2006 አካባቢ በተሠሩት ላይ ከኖዝሉ ሥር ያለው የመዳብ ዋሸር ያፈሳል። የተቃጠለው ጋዝ ወደ ዘይቱ ይገባል። ዘይቱ ጥላሸት ይቋጥራል። ጥላሸቱ ከታች ያለውን የዘይት መሳቢያ ወንፊት ይደፍነዋል። ከዚያ ሞተሩ ዘይት አጥቶ ይነክሳል። የሚያሳዝነው፣ ትንሽ ዋሸር በጊዜው ቢቀየር ይህ ሁሉ አይመጣም ነበር። ያ ሜካኒክ ኖዝሉን የጠየቀኝ ለዚህ ነው። 1ኬዲ ያላት 120 የምትገዙ ከሆነ ዋሸሮቹ መቀየራቸውን ጠይቁ። ማስረጃ ከሌለ ኮፓውን፣ ማለትም ከሞተሩ ሥር ያለውን የዘይት መያዣ፣ አስፈትታችሁ ወንፊቱን እዩ። ሻጩ ይህን ካልፈቀደ እኔ እተወዋለሁ።

120 ላይ 5ኤል የሚባል ቱርቦ የሌለው 3.0 ናፍታም አለ። ዳገት ላይ ትዕግሥት ይጠይቃል፤ ግን ለመጠገን ቀላል ነው። ቤንዚን የሚፈልግ 2.7 እና 4.0 ያገኛል። 2.7ቱ ለከተማ የማያስጨንቅ ሞተር ነው።

150 ላይ መታጠፊያው 2015 ነው። በዓመቱ አጋማሽ 3.0ው ወጥቶ 2.8 ገባ። አዲሱ ሞተር ከታይሚንግ ቀበቶ ይልቅ ሰንሰለት አለው፤ ይህ መልካም ነው። ብዙዎቹ ግን የጭስ ማጣሪያ ተገጥሞላቸዋል። ማጣሪያው ራሱን የሚያጸዳው ረጅም መንገድ በፍጥነት ሲነዳ ነው። በአውስትራሊያ ከኦክቶበር 2015 እስከ ኤፕሪል 2020 የተሸጡ ሃይሉክስ፣ ፕራዶና ፎርቹነር በዚሁ ማጣሪያ ምክንያት ፍርድ ቤት ደርሰዋል። ሁሉም 2.8 ማጣሪያ የለውም፤ የተሠራበትን ገበያ ይከተላል። ቀኑን ሙሉ ሜክሲኮና ስታዲየም መካከል በትራፊክ ለሚቆም ሰው ማጣሪያ ያለው ናፍታ አይመቸውም። ከመግዛታችሁ በፊት ሥሩ ገብታችሁ አሳዩ።

*ላንድክሩዘር 70።* እኛ ሃርድቶፕ የምንለውና ፒክአፑ። እዚህ ላይ ዓመት ብዙም አያስጨንቀኝም። 4.2 ሊትር፣ ስድስት ሲሊንደር፣ ቱርቦ የሌለው 1ኤችዜድ ሞተር በ1990 ገባ፤ ለአፍሪካ ገበያ ለብዙ ዓመታት ዋናው ነገሩ ሳይለወጥ ተሠርቷል። መታጠፊያው 1999 ነው። ከዚያ በፊት አራቱም ጎማ ላይ ባሌስትራ፣ ማለትም ተደራራቢ ረጅም ብረት፣ ነው። ከዚያ ወዲህ የፊቱ በሞላ ሆነ። ልዩነቱን ወገባችሁ ይነግራችኋል። በ2007 ደግሞ ፊቱ ሰፋ። በጀታችሁ ጠባብ ከሆነ ከ2000 እስከ 2006 ያለውን ፈልጉ። ቅርጹ የድሮው ነው፣ ዋጋው ይቀላል፣ ሞላው አለ፣ ሞተሩ ያው ነው። ቅርጽ ወይም ቁጥር ብላችሁ ተጨማሪ አትክፈሉ፤ በዚያ ገንዘብ ፍሪሲዮኑንና ኩሽኔታዎቹን አድሱበት።

*ሃይሉክስ።* የ2005ቱ ቅርጽ እስከ 2015 ሄደ፤ 2015 ላይ አዲሱ መጣ። 2015 የምትሉት ሁለቱንም ሊሆን ስለሚችል በዓይናችሁ እዩ። የድሮው 3.0 ሞተር የፕራዶው 1ኬዲ ነው፤ ከላይ ያልኩት የዋሸር ነገር እዚህም ይሠራል። የመጨረሻዎቹ፣ 2012 እስከ 2014፣ የኔ ምርጫ ናቸው፤ ፒስተን የተሰነጠቀባቸው ስላሉ ግን ጭሱን በደንብ እዩ።

*ፓትሮል።* 4.2 ከሆነ ሳትፈሩ እዩት። 3.0 ከሆነና በ2000 እና በ2003 መካከል ከተሠራ ተጠንቀቁ። ፒስተኑን በማቃጠል በብዙ አገር ስም ያወጣ ሞተር ነው።

*ሱዙኪ።* የ1998ቱ ጂምኒ ሞተሩ፣ እንደ ገበያው ከ2005 ቀድሞ ወይም በዚያው አካባቢ፣ ከቀበቶ ወደ ሰንሰለት ተለወጠ፤ በ2005 አካባቢ የፎር ዊሉ ማርሽም ከዱላ ወደ ቁልፍ ሄደ። ሞተሩ ተሻሻለ፣ ማርሹ ግን ኤሌክትሪክ ጨመረ። ገጠር ለሚኖር ዱላው ይሻላል፤ ከተማ ለሚውል አዲሱ። ግራንድ ቪታራ በበኩሉ ለቤተሰብ፣ ለከተማና ለመጠነኛ ጭቃ ከገንዘቡ በላይ የሚሰጥ መኪና ነው።

*ራቭ ፎር።* ፎር ዊል ተብሎ ስለሚሸጥ ነው የጠቀስኩት። ከ2006 እስከ 2008 ያለው 2.4 ሞተር ዘይት በመብላት ይታወቃል። ካገኛችሁት የዘይት መለኪያውን ሳትስቡ አትለፉ።

4. ዓመቱን ከመኪናው ላይ አንብቡ

ሊብሬው የተሠራበትን ዘመን ይናገራል። መኪናውም ራሱ ይናገራል፤ ሁለቱ መስማማት አለባቸው።

ኮፈኑን ክፈቱና የፋብሪካውን ጠፍጣፋ ብረት ፈልጉ፤ አንዳንዱ ላይ በሩ ሥር ነው። የሞዴሉ ኮድ ይጻፍበታል። ቶዮታ ላይ የመጀመሪያዎቹ ፊደላት ሞተሩን ይነግሯችኋል። ኬዲጄ 120 ከሆነ 3.0 ቱርቦ ናፍታ፣ ኤልጄ ከሆነ ቱርቦ የሌለው ናፍታ፣ ቲአርጄ 2.7 ቤንዚን፣ ጂአርጄ 4.0 ቤንዚን ነው። ጂዲጄ 150 ካለ አዲሱ 2.8 ነው። ኤችዜድጄ 75 ባለ ባሌስትራው፣ ኤችዜድጄ 78 እና 79 ከ1999 ወዲህ ያሉት ናቸው። ይህን ኮድ በስልካችሁ ፎቶ አንሱት።

የሻንሲ ቁጥሩ አሥራ ሰባት ፊደልና አኃዝ ነው። ለአሜሪካና ለገልፍ አገሮች በተሠሩት ላይ አሥረኛው የሞዴሉን ዓመት ያሳያል። ከ2001 እስከ 2009 አኃዙ ራሱ ነው፤ 1 እስከ 9። ከዚያ ኤ ማለት 2010፣ ቢ 2011፣ ሲ 2012 እያለ ይሄዳል። ኤች 2017 ነው፤ አይ ስለሚዘለል ጄ 2018 ይሆናል። ለአፍሪካና ለአውሮፓ በተሠሩ ብዙ ቶዮታዎች ላይ ግን አሥረኛው ቦታ ዜሮ ነው። ያ ሐሰተኛ ቁጥር ማለት አይደለም፤ ዓመቱን ሌላ ቦታ ፈልጉ ማለት ነው።

ሌላው ቦታ የወንበር ቀበቶው ነው። እስከ ታች ሳቡት። ሥሩ ላይ የተሰፋች ትንሽ ጨርቅ አለች፤ ብዙ ጊዜ የተሠራበት ዓመት ይታተምባታል። ቀበቶ የሚቀይር ሰው ጥቂት ስለሆነ እኔ ይህቺን ጨርቅ በጣም አምናታለሁ። መስታወቶቹንም አወዳድሩ። የሁሉም ምልክት አንድ ከሆነ ጥሩ፤ አንዱ ብቻ ከተለየ ያ በኩል ተመቶ ሊሆን ይችላል። ጎማው ላይ ያለው ባለ አራት አኃዝ ቁጥር ሳምንቱንና ዓመቱን ይናገራል። 2319 ማለት የ2019 ሃያ ሦስተኛ ሳምንት ነው። ስኮርታውንም እዩ።

በመጨረሻ ጎንበስ በሉ። በነዚህ የቶዮታ ፎር ዊሎች ላይ የሻንሲ ቁጥሩ በቀኝ በኩል፣ ከፊት ጎማው አጠገብ ባለው ዋናው ብረት ላይ ተመትቷል። ጭቃውን በጨርቅ ጥረጉና ከሊብሬው ጋር አኃዝ በአኃዝ አመሳክሩ። አካባቢው ከተበየደ ወይም ከተሞረደ እዚያው አቁሙ።

5. በአዲስ አበባ ከፍታ ላይ ሞክሩት

ከተማችን ወደ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። አየሩ ከባሕር ጠረፍ ሲነጻጸር ሦስት አራተኛ ያህል ነው። ቱርቦ የሌለው ሞተር ከጉልበቱ ሩብ ገደማ እዚህ ያጣል። ስለዚህ 1ኤችዜድ ወይም 5ኤል ዳገት ላይ ቢያዘግም ሞተሩ ሞቷል አትበሉ። ቱርቦ ያለው ግን ማዝገም የለበትም። 1ኬዲ ከለገሃር በቸርችል ጎዳና ወደ ፒያሳ ሲወጣ ከተንፏቀቀ ቱርቦው ወይም ኖዝሉ ችግር አለበት።

ከፍታው ሌላም ነገር ያመጣል። እዚህ ውኃ በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። ራዲያተሩን የሚያድነው የክዳኑ ግፊት ነው። ክዳኑ ካረጀ ጤነኛ ሞተርም ሊግል ይችላል። ከቻላችሁ ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ አውጡት። ላይ ስትደርሱ የሙቀት መለኪያው ከመሃል ካለፈ ቴስታታውን ተጠራጠሩ።

ፈተናው ግን የሚጀምረው ጠዋት ነው። «ሳታስነሱ ጠብቁኝ» በሉ። ስትደርሱ ኮፈኑን በእጃችሁ ንኩ፤ ከሞቀ ቀድመው አስነስተውታል። በብርድ ሲነሳ ትንሽ ነጭ ጭስ ለአፍታ ይታያል። ካልጠፋ ኖዝሉን ተጠራጠሩ። ሰማያዊ ከሆነ ዘይት እየበላ ነው። ሞተሩ እየሠራ የዘይት ክዳኑን ክፈቱ፤ ክዳኑን የሚገፋ ጭስ ካለ ሞተሩ ውስጡ አልቋል።

ከዚያ ፎር ዊሉን አስገቡ። ሃይሉክስና ሃርድቶፕ ላይ ይህን ደረቅ አስፋልት ላይ እየታጠፋችሁ አታድርጉ፤ ካምቢዮውን ትጎዳላችሁ። ግንባታ አጠገብ ያለ ኮረት መንገድ ይበቃል። ሎው አስገብታችሁ ዳገት አውጡት፤ ወደኋላም ሂዱ። ማርሹ እምቢ ካለ ወይም ከጮኸ ዋጋው ላይ ይታይ። ፎር ዊሉ የማይሠራ ፎር ዊል በከተማችን ብዙ ነው። ባለቤቶቹ ለዓመታት አልነኩትም።

6. መለዋወጫውንና ወረቀቱን ሳታዩ አትክፈሉ

ዓመቱን ከመወሰናችሁ በፊት አንድ ቀን መርካቶ፣ ሶማሌ ተራ ሂዱ። የምትፈልጉትን ሞዴል ኮድ ይዛችሁ ኖዝል፣ ራዲያተርና የፊት መብራት ስንት እንደሆነ ጠይቁ። ሦስት ሱቅ «አለ» ካላችሁ ያ ዓመት ይኖራል። ሦስቱም «በትዕዛዝ ነው» ካሉ መኪናው ቢረክስም አትቸኩሉ። ለኔ ይህ ጉብኝት ከማንኛውም ማስታወቂያ የበለጠ ይናገራል።

ከዕርዳታ ድርጅት የወጣ መኪና ብዙ ኪሎ ሜትር ቢኖረውም የጥገና መዝገብ ካለው እኔ እመርጠዋለሁ። 60,000 ኪሎ ሜትር ብቻ የሚል የአሥራ አምስት ዓመት መኪና የበለጠ ያሳስበኛል፤ የፔዳሉን ጎማና መሪውን ተመልከቱ፣ ዕድሜውን አይደብቁም። የጨረታ ማስታወቂያ አዲስ ዘመንና ሪፖርተር ላይ ይወጣል። የማያ ቀን ሲሰጥ ሜካኒካችሁን ይዛችሁ ሂዱ።

ከቀረጥ ነፃ የገባ መኪና ከሆነ ቀረጡ መከፈሉን የሚያሳይ ወረቀት ጠይቁ። የጉምሩክ ዲክላራሲዮኑን እዩ። የባንክ ወይም የፍርድ ቤት እግድ እንደሌለበት አጣሩ። ውሉ በሰነዶች ማረጋገጫ ሲፈረም የሻንሲና የሞተር ቁጥር፣ የተሠራበት ዘመንም በትክክል መጻፉን ራሳችሁ አንብቡ። ቀብድ መክፈል ግድ ከሆነም ይህን ሁሉ ካያችሁ በኋላ፣ በጽሑፍ፣ «ዓመቱ ከተባለው ቢለይ ይመለሳል» የሚል ቃል አስገብታችሁ ይሁን።

ከበጀታችሁም ከአሥር አንዱን ለመጀመሪያው ወር አስቀምጡ። መኪናው ቤት እንደገባ የሞተሩን፣ የካምቢዮውንና የዲፈረንሻሉን ዘይት ሁሉ ቀይሩ። 1ኤችዜድ ወይም 1ኬዲ ከሆነ የታይሚንግ ቀበቶው መቼ እንደተቀየረ ጠይቁ። በየ100,000 ኪሎ ሜትር ገደማ መቀየር አለበት፤ ማስረጃ ካላገኛችሁ የሻጩን ቃል ሳትጠብቁ በዚያው ሳምንት አስቀይሩት።